የመርሳት በሽታን በደም አስቀድሞ ማወቅ፦ ከ50 ዓመት በላይ ያለ ሁሉ ይመርመር?

ክሩን (በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን ተከታታይ ውይይት) የከፈተው ጽሑፍ ከጥያቄ ይልቅ ጥሪ ነበር። ጸሐፊው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ዋነኛው የመርሳት በሽታ ለሆነው ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ መፍቀዱን ይጠቅስና፣ ከእንግዲህ ከ50 ዓመት በላይ ያለ ሰው ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን እንደሚለካ ይህንንም በየዓመቱ መለካት አለበት ይላል። በተለይ ወላጆቻቸውን ለጉብኝት አሜሪካና አውሮፓ የሚያስመጡ ልጆች፣ እናትና አባት ገና ደህና እያሉ ደማቸውን ቢያስመረምሩ፣ ጎረቤት ጃጁ ማለት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ይደረስላቸዋል ባይ ነው። ማሳረጊያው ላይ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ የምርመራው ስም ማን ነው? ምን ያህል ደም ይወሰዳል? ስንት ሲሆን ነው መጥፎ የሚባለው? ነገሩን ያስጻፈው ለወላጅ ያለው ስስት መሆኑ ያስታውቃል። የመጀመሪያዎቹ መላሾች በአክብሮት የቀረቡትም ለዚህ ይመስለኛል።

1ኛው መላሽ የነርቭ ሐኪም ነው። ዜናው እውነት መሆኑን ካጸና በኋላ ጥሪው ከፈቃዱ አልፎ መሄዱን አሳየ። የተፈቀደው የፉጂሬቢዮ ኩባንያ ሉሚፐልስ የተባለው ምርመራ ሲሆን፣ በፕላዝማ (ሕዋሳቱ ከተለዩ በኋላ በሚቀረው የደም ፈሳሽ) ውስጥ ያለውን ፒ-ታው 217 የተባለ ፕሮቲን አሚሎይድ ቤታ 42 ለተባለው ሌላ ፕሮቲን አካፍሎ አንድ ቁጥር ያወጣል። ፈቃዱ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የማስታወስ ወይም የማሰብ ችግር ምልክት ላሳዩና በዘርፉ ሐኪም ለሚታዩ ሰዎች ነው። ጤነኛን ሰው በየዓመቱ ለማጣራት አልተፈቀደም። ለፈቃዱ የቀረበው ጥናት 499 የፕላዝማ ናሙናዎችን ከፔት ስካን (አንጎል ውስጥ ያለውን አሚሎይድ ከሚያሳይ ምስል) ወይም ከአከርካሪ ፈሳሽ ውጤት ጋር አስተያየ። በደም ምርመራው አሚሎይድ አለባቸው ከተባሉት 91.7 በመቶው በእርግጥም ነበረባቸው፤ የለባቸውም ከተባሉት 97.3 በመቶው አልነበረባቸውም። ከ20 በመቶ በታች የሚሆኑት ደግሞ ወዲያም ወዲህም ሳይሉ መሀል ቀሩ። ስለዚህ መጥፎ የሚባል አንድ ቁጥር የለም አለ። ያሉት ሁለት ድንበሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሰው ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። የአንዱ ኩባንያ ድንበር ለሌላው ኩባንያ መሣሪያ እንደማያገለግልም አስጠነቀቀ። ይህችን የመጨረሻዋን ማስጠንቀቂያ ብዙዎች ዘልለዋት ማለፋቸው ከኋላ መልሶች ላይ ይታያል።

በ2 ቁጥር የጻፈችው የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ለምን ሁለት ነገር ተለክቶ አንዱ ለሌላው እንደሚካፈል አስረዳች። በክሩ ውስጥ እንደዚህ የጠራ ነገር አላገኘሁም። አሚሎይድ 42 አንጎል ውስጥ ተጣብቆ ክምር ሲሠራ እዚያው ስለሚቀር ወደ ውጭ የሚወጣው ያንሳል። በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ቅናሹ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በደም ውስጥ ግን አሚሎይድ ከሌላው የሰውነት ክፍልም ስለሚመነጭ ቅናሹ ከ15 በመቶ ብዙም አያልፍም፤ ብቻውን ቢታይ በቀላሉ ይስታል። ታው የተባለው ፕሮቲን ደግሞ በ217ኛው ቦታው ላይ ፎስፌት ተለጥፎበት ወደ ደም የሚወጣው መጠን በእጥፍና ከዚያ በላይ ያድጋል። የሚጨምረውን ለሚቀንሰው ማካፈል ልዩነቱን ያጎላዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄም መልሱ ከእሷ ነው የተገኘው፦ አንድ ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ ይበቃል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ቱቦው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ይገለበጣል፤ አይናጥም። ከዚያ በ1800 ጂ (ከምድር ስበት 1800 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ ይደረጋል፤ ማለትም ፕላዝማው ከቀዩ እንዲለይ በማሽን ይሽከረከራል። ፕላዝማው ሲቀዳ የፒፔቱ ጫፍ ከቀዩ በላይ ያለችውን ነጭ ስስ ንጣፍ መንካት የለበትም። የተቀዳው ወደ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ ወደተሠሩ ትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ብርጭቆና ፖሊስታይሪን አሚሎይድን ግድግዳቸው ላይ ስለሚያስቀሩት አይሆኑም። በቀይ ወይም በቢጫ ክዳን ቱቦ ተቀድቶ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) የሆነ ደምም አይሠራም፤ ቁጥሩ ሌላ ነው።

3ኛው አጭር ጥያቄ ነበረች፦ ደሙ አዲስ አበባ ተቀድቶ ውጭ አገር ቢላክስ? የክሩ ዋና ትምህርት የተገኘው ለዚህች በተሰጠው በ4ኛው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ተመልሳ ይቻላል አለች፣ ነገር ግን ስህተቱ ወዴት እንደሚያጋድል ቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሴንትሪፊዩጅ ሳይደረግ ክፍል ውስጥ የዋለ ደም አሚሎይዱን ያጣል፤ ፒ-ታው 217 ግን በአብዛኛው ሳይነካ ይቆያል። ታህቱ ሲያንስ የማካፈሉ ውጤት ይተልቃል። አሚሎይዱ በ20 በመቶ ቢወርድ ቁጥሩ በ25 በመቶ ያድጋል፤ መሀል ላይ የነበረ ሰው ወደ ታማሚው ወገን ይሻገራል። እንግዲህ በቸልታ የተያዘ ናሙና ጤነኛውን ሰው ነው ታማሚ የሚያደርገው። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ፣ ናሙናው ሟሙቶ ተመልሶ ሲበርድም ያው አደጋ አለ። መንገድ ላይ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ የሆነው ደረቅ በረዶ ያስፈልጋል፤ ጉምሩክ ላይ ሲዘገይ በረዶው ተንኖ ያልቅና ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ሳጥኑ ሲከፈት በረዶ ካልተገኘበት ናሙናው መጣል አለበት ስትል ቁርጥ አድርጋ ጻፈች።

5ኛው መላሽ የስታቲስቲክስ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ቃላቱም ከቀደሙት ጠንከር ያሉ ናቸው። ምርመራው አሚሎይድ ካለባቸውም ከሌለባቸውም 90 በመቶውን በትክክል ይለያል ብለን እንነሳ አለ። በማስታወስ ችግር ወደ ልዩ ክሊኒክ ከመጡ 1000 ሰዎች 500ው አሚሎይድ ቢኖርባቸው፣ ምርመራው 450ውን ያገኛል፤ ከቀሩት 500 ጤነኞች ደግሞ 50ውን በስህተት ይወነጅላል። አለብህ የተባለ ሰው 90 በመቶ ማመን ይችላል። አሁን ምልክት የሌላቸውን 1000 የ50ዎቹ ዕድሜ ሰዎች እንውሰድ፤ ከእነሱ 100ው ብቻ አሚሎይድ ቢኖርባቸው ምርመራው 90ውን ያገኝና ከ900 ጤነኞች 90ውን ይወነጅላል። አለብህ የተባለው ሰው አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ቢወረውር ያው ነው። መሣሪያው ያው፣ ደሙ ያው፣ የተለወጠው የሚመረመረው ሰው ብቻ ነው። ክሩን የከፈተው ይህን ሳይሠላ ወገን ሁሉ ይመርመር ማለቱ ኃላፊነት የጎደለው ነው ሲል ዘጋ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን የማያስፈልግ ጥላ አጠላ።

6ኛው ላይ የክሩ ባለቤት ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ እንደከፋው ከአጻጻፉ ይታያል። ስህተቱ ቢኖርም አስቀድሞ ማወቅ ለመጠንቀቅ ይረዳል ብሎ፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ያወጣውን ሪፖርት ጠቀሰ። በዚያ ሪፖርት መሠረት 14 ሊለወጡ የሚችሉ መንስኤዎች ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ነርቭ ሐኪሙ በ7 ቁጥር በትዕግሥት መለሰለት፦ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ከፍተኛ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል)፣ ያልታከመ የዓይን ድካም፣ ብቸኝነት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ አንዳቸውንም ለማከም ፒ-ታው መለካት አያስፈልግም። የአባትን ግፊት ለማስተካከል የአንጎላቸውን አሚሎይድ ማወቅ ግድ አይደለም። አያይዞም አሚሎይድ የበሽታው ምልክት ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት በፊት መከማቸት እንደሚጀምር፣ አእምሯቸው ደህና ከሆነ ሰዎች መካከልም በ50 ዓመት 10 በመቶ፣ በ90 ዓመት 44 በመቶ ያህሉ አሚሎይድ እንደሚገኝባቸው ጻፈ። ብዙዎቹ ሳይታመሙ በሌላ ምክንያት ሕይወታቸው ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተካረረ። 8ኛው መላሽ ሐኪሞች እውቀትን ከሕዝብ ይደብቃሉ፣ ኮሌስትሮል ሲለካ ማንም ምልክት አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ለአንጎል ሲሆን ምን ተለየ ብሎ ተቆጣ። 9ኛው መልስ እሱንም በቁጣ ነው የተቀበለው፤ ውስጡ ያለው ግን ጠቃሚ ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒት ርካሽ ክኒን ነው። አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዳው መድኃኒት ሌካኔማብ ግን በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሆኖ ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ይጠይቃል። 1795 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ18 ወር ውስጥ ያሳየው ጥቅም የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ማዘግየት ነው፤ የጠፋውን ትውስታ አይመልስም። 12.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ በኤምአርአይ የሚታይ የአንጎል እብጠት ደርሷል፤ አፖኢ 4 የተባለውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም በወረሱት ላይ ቁጥሩ 32.6 በመቶ ሆኗል። ምልክት ለሌለው ሰውስ? በኤ4 ሙከራ አሚሎይድ ያለባቸው ነገር ግን ደህና የሆኑ 1169 ሰዎች ሶላኔዙማብ የተባለ መድኃኒት ወይም ማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት) ለ240 ሳምንታት ሲሰጣቸው ቆይቶ፣ በ2023 በወጣው ውጤት መድኃኒቱ የአእምሮን መዳከም አላዘገየም። ሌካኔማብና ዶናኔማብ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ ገና እየተሞከሩ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮል ተለክቶ ክኒን ይሰጣል፤ ፒ-ታው ተለክቶ ለጤነኛ ሰው የሚሰጠው ጭንቀት ብቻ ነው አለ። እኔም በመደምደሚያው እስማማለሁ፤ 8ኛውን ሰው መሃይም ማለቱ ግን አስነዋሪ ነበር፣ የመድረኩ ተቆጣጣሪም ቃሉን ሰረዘው።

ነርቭ ሐኪሙ በ10 ቁጥር 8ኛው ሰው ያነሳው ነገር ከንቱ እንዳልሆነ በመናገር ነገሩን አበረደ። ሊቃውንቱ ራሳቸው ተከፋፍለዋል። በ2024 የአልዛይመር ማኅበር ያሰባሰበው ቡድን ያወጣው መስፈርት፣ ዋናው ጠቋሚ (እንደ አሚሎይድና ፒ-ታው ያለ) ከተገኘ ምልክት ባይኖርም በሽታው አለ ይላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ቡድን ደግሞ በዚያው ዓመት ጠቋሚ ብቻ ያለበት ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነው እንጂ ታማሚ አይባልም ብሎ ተቃወመ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ የመጀመሪያው ቡድንም ቢሆን ምልክት የሌለውን ሰው ከጥናት ውጭ መርምሩት አለማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች የተፈቀደው የሮሽ ፒ-ታው 181 ምርመራም ምልክት ላላቸው የ55 ዓመትና ከዚያ በላይ ሰዎች ነው፤ ሥራውም አልዛይመር አይደለም ብሎ ማሰናበት ነው።

11ኛው መልስ ከኩላሊት ሐኪም የመጣ ሲሆን ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ስኳርና ግፊት በቆየባቸው ቤቶች ኩላሊት ቀስ እያለ መድከሙ የተለመደ ነውና። የደከመ ኩላሊት እነዚህን ፕሮቲኖች ከደም በወጉ ስለማያስወግድ ፒ-ታውም ኒውሮፊላመንትም (የነርቭ ክር ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ፕሮቲን) ከፍ ብለው ይታያሉ፤ አንጎል ግን ምንም ላይሆን ይችላል። የልብ ድካምና ስትሮክ የደረሰባቸውም ላይ ከፍ ይላል። በተቃራኒው በጣም ወፍራም ሰው የደሙ መጠን ብዙ ስለሆነ ቁጥሩ ይቀጥናል። መፍትሔው ከፒ-ታው ጋር በአንድ ቀን ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) አስለክቶ የኩላሊቱን የማጣራት አቅም ማስላት፣ ክብደትና ቁመት መጻፍ ነው። ፎስፌት ያልተለጠፈበትን ታው አብረው ለክተው በመቶኛ የሚሰጡ ምርመራዎች ይህን ስህተት በብዙ ይቀንሱታል፤ ሁለቱም በኩላሊት ድካም አብረው ስለሚወጡ ሲካፈሉ ይጣፋሉ።

12ኛው፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከደም ምርመራው ወጣ ብሎ መጀመሪያ መታየት ያለበትን ዘረዘረ። ቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ከወደቁ በኋላ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም የአንጎል ሽፋን ደም፣ ድብርት፤ እነዚህ ሁሉ መርሳትን ያመጣሉ፣ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ከሁሉ በላይ ግን የመድኃኒት ከረጢቱ ይፈተሽ አለ። ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአለርጂ የሚወሰዱት ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን፣ አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ስለሚዘጉ አረጋዊን ያደነዝዛሉ። ለወራት ሳይቋረጡ የተወሰዱ እንደሆነ ቤተሰብ የሚያየው መርሳት ነው።

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ቋንቋ ዞረ። 13ኛው መላሽ መርሳት የሚለው ስም ራሱ ሰው ያሳስታል አለ፤ ብዙዎቹ ሕመሞች በመርሳት አይጀምሩምና። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ቱቢንገን ላይ ያቀረባት፣ በ1901 በ51 ዓመቷ ፍራንክፈርት ሆስፒታል የገባችው አውጉስተ ዴተር እንኳ በመጀመሪያ ቤተሰቧ ያየባት በባሏ ላይ የመጣባት ቅናት ነበር። ከሌሎቹ የመርሳት በሽታ ዓይነቶች የፊት አንጎል ሕመም በጠባይ መለወጥ፣ የሌዊ አካላት ሕመም የሌለ ሰው በማየት ሊጀምር ይችላል፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ጠበል ብቻ ይሄዳሉ። 14ኛው ጠበልን ለምን ታነሳለህ ብሎ ተከራከረ፤ 13ኛውም ጠበልን አልነቀፍኩም፣ ብቻ የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሬ አለ። ክርክሩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ነርቭ ሐኪሙ በ15 ቁጥር ወሬውን ወደ ምርመራው መለሰው፦ ፒ-ታው ለአልዛይመር ብቻ ነው። ለሌዊ አካላት በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ አልፋ-ሲኑክሊን የተባለውን የተበላሸ ፕሮቲን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ አለ። ለፊት አንጎሉ ሕመም ኒውሮፊላመንት ከፍ ማለቱ በሽታው የሥነ ልቦና ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል፤ በዘር ከሚመጡት ውስጥ ደግሞ በአንዱ ዓይነት ፕሮግራኑሊን የተባለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ዝቅ ይላል። ኒውሮፊላመንት ግን ዕድሜ፣ ስትሮክና የእጅ እግር ነርቭ ጉዳትም ስለሚያነሱት የነርቭ ክር መጎዳቱን እንጂ ማን እንደጎዳው አይናገርም።

16ኛው መልስ ከአስተርጓሚ የመጣ ነው፤ ክሩ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም ያላሰበውን አመጣ። ደም የሚመረመረው ምልክት ያለው ሰው ከሆነ፣ ምልክት መኖሩ የሚለካው በጥያቄ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ በአማርኛ ተናጋሪ ላይ ይሳሳታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10፣ 2025 ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አንዲት እናት ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ቢባሉ ጳጉሜን 5፣ 2017 ይላሉ፤ ፍጹም ትክክል ናቸው። እንደወረደ ከተተረጎመ ግን ሐኪሙ 13ኛ ወር፣ 5ኛ ቀን፣ ከስምንት ዓመት በፊት ብሎ ሰምቶ ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ስህተት ይላል። የማስታወስና የማሰብ ችሎታን በሚለካው፣ ሞካ በተባለው ፈተና ሰዓት ሥለው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንዲያሳዩ ይታዘዛል። አስተርጓሚው አምስት ሰዓት ከአሥር ብሎ ካስተካከለው አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ የሚያደርጉ አሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እንደሚያነቡት 11 ላይ የሚያደርጉም አሉ። ሁለቱም አእምሯቸው ደህና ነው፣ ነጥብ የሚያገኘው ግን አንዱ ብቻ ነው። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ጥሩ ሲባልም መ ከተባለ ሙ እና ሚ ይቆጠሩ አይቆጠሩ አስቀድሞ መወሰን አለበት። መፍትሔው አስተርጓሚው የተባለውን ሁሉ ሳያስተካክል እንደወረደ መናገርና፣ በየትኛው ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት እንደተመለሰ ለሐኪሙ ለይቶ ማስረዳት ነው።

በ17 ቁጥር አንድ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ይህን ሲያጠናክር፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ሲድኒ ውስጥ የተሠራው ሩዳስ ወይም ታንዛኒያና ናይጄሪያ ውስጥ የተሠራው አይዲያ የተባሉት ፈተናዎች የተሻሉ መሆናቸውን ጠቆመ። በናይጄሪያዋ ኢባዳንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የተካሄደውን ጥናትም አነሳ፤ በዚያ የአፖኢ 4 ተጽዕኖ በኢባዳን ዮሩባዎች ላይ በአሜሪካ ከሚታየው በጣም የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በአውሮፓውያን ላይ የወጣ ድንበር ለእኛ ያለ ማረጋገጫ አይወሰድም የሚል ነው ሐሳቡ።

18ኛው ጥያቄ ፍርሃት ነበር፦ መሀል የቀረ ሰው ከጀርባው ፈሳሽ ይወሰድበታል፣ ያ ደግሞ ሽባ ያደርጋል ይባላል። ይህ ወሬ ብዙ ሰው ሕክምና ስላስቀረ 19ኛው መልስ በዝርዝር መምጣቱ ደስ ይላል። የአከርካሪ ገመድ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል፤ መርፌው የሚገባው ከሦስተኛው በታች ወይም ከአራተኛው በታች ነው፤ እዚያ ያሉት ገመዱ ሳይሆን በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ጭራዎች ናቸው። ጫፉ የማይቆርጥ ባለ 25 ቁጥር ቀጭን መርፌ ከተመረጠ የራስ ምታቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት መተኛት ራስ ምታቱን አይከለክልም። የሚወሰደው 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሰውነት በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚሠራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይተካዋል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ መናገር አለበት። ፈሳሹ በቀጥታ አሚሎይድ ወደማያጣብቀው ቱቦ ይንጠባጠብ፣ ቱቦው ከግማሽ በላይ ይሞላ፣ ወደ ሌላ ቱቦ አይገልበጥ፤ በተገለበጠ ቁጥር አሚሎይዱ ግድግዳው ላይ እየቀረ ያንሳል።

ፔት ስካንስ ብሎ ለጠየቀው 20ኛው ባጭሩ መለሰ። ፒትስበርግ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ማቅለሚያ (አሚሎይዱ በምስሉ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጥ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር) በካርቦን 11 ስለሆነ በየ20 ደቂቃው በግማሽ ያልቃል። ዛሬ የሚሠራበት ፍሎሪን 18 ግማሹ የሚያልቀው በ110 ደቂቃ ነው፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ የሚተርፈው ስምንተኛው እጅ ነው። ማቅለሚያውን የሚያመርተው ሳይክሎትሮን ቅርብ ካልሆነ ፔት ማሽን መግዛት ብቻውን አይረዳም።

የክሩ ባለቤት በ21 ቁጥር ጥሪውን አስተካክሎ ጻፈ፤ ሁሉም ይመርመር የሚለውን አንስቶ፣ ለውጥ ያየ ቤተሰብ አይዘግይ በሚል ተካው። 5ኛው መላሽም በዚያው ስለ ቃላቱ ይቅርታ ጠየቀ። ባለቤቱ መሀል የወጣ ውጤት በሳምንቱ ቢደገምስ ሲል ላነሳው የመጨረሻ ጥያቄ ነርቭ ሐኪሙ በ22 ቁጥር አይደገም አለ፤ ያው ደም ከቀን ቀን ትንሽ ስለሚዋዥቅ በመደጋገም የሚገኘው ዕጣ እንጂ ዕውቀት አይደለም። ወይ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ወይም ወደ ፔት ይሂድ፤ ምልክቱ ቀላል ከሆነ ደግሞ ሰውየው በቀጠሮ እየታየ ይቆይ።

የመጨረሻዋ፣ 23ኛዋ፣ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናት። የአስተርጓሚውን ሰዓት ካነበበች በኋላ ሳትጨምር የማትሄደው ነገር ስላለ ተመልሳለች። በናሙና ወረቀት ላይ ደሙ የተቀዳበትና ሴንትሪፊዩጅ የተደረገበት ሰዓት ይጻፋል፤ የአገር ቤቱን ሰዓት አንዱ፣ የፈረንጁን ሌላው ከጻፉት ስድስት ሰዓት ይጠፋል ወይም ይፈጠራል። ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር 8፡00 የተቀዳ ደም፣ ከሰዓት በኋላ በእኛ 8፡30 ሴንትሪፊዩጅ ቢደረግ ወረቀቱ ላይ የግማሽ ሰዓት ቆይታ ይነበባል። ደሙ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ጠረጴዛ ላይ ውሏል፣ አሚሎይዱም ወርዷል። ስለዚህ ሁለቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ 08፡00 እና 14፡30 ተብለው ይጻፉ፤ የሰዓቱ አጻጻፍ ካልተለየ እሷ ብትሆን ናሙናውን አትቀበልም።